በኡቡንቱ ላይ ዴብን፣ ስናፕን፣ ፍላትፓክንና አፕኢሜጅን አስማምቶ መያዝ

ኡቡንቱን ጭነው ጥቂት ወራት ከተጠቀሙ በኋላ ኮምፒውተርዎ ላይ ሁለት ፋየርፎክስ ካገኙ፣ አንዱ የያዘውን ፓስዎርድ ሌላው የማያውቀው ከሆነ፣ ብዙ ነገር ሳይጭኑበት ዲስኩ ከሞላ፣ ወይም ከስልክዎ ሆትስፖት ጋር ያገናኙት ማሽን ሳያዙት ዳታዎን ከጨረሰ፣ ቫይረስ ገባብኝ ብለው አይደንግጡ። ፕሮግራሞቹ በተለያየ መንገድ ገብተዋል፤ እያንዳንዱ መንገድም በራሱ ሕግ ይሠራል። ዴብ፣ ስናፕ፣ ፍላትፓክና አፕኢሜጅ የሚባሉት አራቱ የፓኬጅ ዓይነቶች እርስ በርስ አይተያዩም። ዴቦችን የሚጭነው አፕት ስናፕ የጫነውን አያውቅም። ፍላትፓክም ቪኤልሲ በአፕት ቀድሞ መግባቱን ሳይጠይቅ ሁለተኛ ቪኤልሲ ያወርዳል።

ይህ መመሪያ የቆመበት ደንብ አንድ ነው፦ ለአንድ ፕሮግራም አንድ መንገድ ይምረጡ፤ በዚያ መንገድ የመጣውን ማን እንደሚያድሰውም ይወቁ። አራቱንም ጎን ለጎን መጠቀም ምንም ክፋት የለውም፤ እኔም አራቱንም እጠቀማለሁ። ጣጣው የሚመጣው አንዱ ፕሮግራም በሁለት መንገድ ሲገባ ነው።

የምጽፈው በአፕሪል 2024 እ.ኤ.አ. ለወጣው ኡቡንቱ 24.04 ነው። አብዛኛው ለ22.04ም ይሠራል። ሊኑክስ ሚንት የሚጠቀሙ የስናፕን ክፍል ቢዘሉት አይጎዱም፤ ሚንት ከ2020ው 20ኛ እትሙ ጀምሮ አፕት ስናፕን በራሱ እንዳያስገባ አግዶታል። ትእዛዞቹን በድምፃቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ እርስዎ ግን ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል፣ ሁሉንም በትንሹ ይጻፏቸው። የአንድ ትእዛዝ አጻጻፍ ካጠራጠረዎ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ፊደላት ጽፈው የታብን ቁልፍ ሁለቴ ይጫኑ፤ ተርሚናሉ ወይ የቀረውን ይሞላልዎታል፣ ወይ አማራጮቹን ይዘረዝርልዎታል።

መጀመሪያ አራቱን ይለዩ

ዴብ አንጋፋው ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው ከዴቢያን የመጣ ሲሆን ኡቡንቱ ራሱ የተገነባው በእሱ ነው፤ ከርነሉም፣ የፕሪንተሩ ድራይቨርም፣ ዴስክቶፑም ዴብ ናቸው። በዴብ የገባ ፕሮግራም ከቤቱ መሶብ ይበላል፤ ሌሎቹ ሦስቱ አገልግላቸውን ቋጥረው የሚመጡ እንግዶች ናቸው። የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ስለሚጋራ ሲወርድ ትንሽ ነው፣ ሲከፈትም ይፈጥናል። በምላሹ አዲስ ስሪት ቶሎ አያገኙም። አንድ የኡቡንቱ እትም ሲወጣ የነበረው ስሪት በአብዛኛው እዚያው ይቆያል፤ የሚመጣው የደኅንነት ጥገና ነው። ጂምፕ 3.0 በማርች 2025 ወጥቷል፤ 24.04 ላይ በአፕት ቢጭኑ ግን የሚያገኙት 2.10ን ነው።

ስናፕ የኡቡንቱ አሳታሚ የሆነው የካኖኒካል ሥራ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ከኡቡንቱ 16.04 ጋር ወደ ዴስክቶፕ ገባ። ፕሮግራሙ አብዛኛውን የሚያስፈልገውን ይዞ በአንድ የታመቀ ፋይል ይመጣል፤ ከሲስተሙም ሆነ ከሌሎች ፕሮግራሞች በአጥር ተለይቶ ይሠራል። እርስዎ ሳያዙት ይታደሳል፤ በነባሪው አዲስ ስሪት መኖሩን በቀን አራት ጊዜ ይጠይቃል።

ፍላትፓክም በአጥር ውስጥ ይሠራል፤ ነገር ግን ፕሮግራሞቹ ራንታይም የሚባል መሠረት በጋራ ይጠቀማሉ። የመጀመሪያውን ፕሮግራም ሲጭኑ ራንታይሙ ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊያወርድ ይችላል። ያንኑ ራንታይም የሚጠቀም ሁለተኛና ሦስተኛ ፕሮግራም ሲመጣ ግን ጭነቱ በጣም ይቀላል። ዋናው ማከማቻው ፍላትሃብ ነው።

አፕኢሜጅ አንድ ፋይል ነው፤ ፋይሉ ራሱ ፕሮግራሙ ነው። አይጫንም፣ ሲስተሙ አይመዘግበውም። በፍላሽ ይዘውት ይሄዳሉ፣ ሲጠሉት ፋይሉን ይሰርዙታል። አብዛኛውን ጊዜ ማንም አያድሰውም፤ ይህን አይርሱ።

ያለዎትን ይቁጠሩ

ምንም ከመጨመርዎ በፊት አሁን ያለውን ይወቁ። ተርሚናል ይክፈቱና በተራ ይጻፉ፦

«ስናፕ ሊስት» በስናፕ የገቡትን ሁሉ ያሳያል። ኮር22፣ ኮር24፣ ባሬ፣ ስናፕዲ የሚሉ የማያውቋቸው ስሞች ቢያዩ አይንኳቸው፤ ሌሎቹ ስናፖች የቆሙባቸው ናቸው።

«ፍላትፓክ ሊስት --አፕ» ራንታይሞቹን ትቶ ፕሮግራሞቹን ብቻ ያወጣል። ትእዛዙ የለም ካለዎ ፍላትፓክ አልተጫነም ማለት ነው፤ ኡቡንቱ አብሮ አያመጣውም።

«አፕት-ማርክ ሾውማንዋል» በአፕት ሆነ ተብለው የተጫኑትን ይዘረዝራል። ረጅም ነው፤ ሲስተሙ ራሱ ሲጫን የገቡትም እዚያ ውስጥ አሉ። እርስዎ የሚያውቋቸውን የፕሮግራም ስሞች ብቻ ይፈልጉ።

ከዚያ የዳውንሎድ ፎልደርዎን ከፍተው መጨረሻቸው አፕኢሜጅ የሆኑ ፋይሎችን ይመልከቱ። ብዙ ሰው ከዓመት በፊት ያወረደውን እዚያው ረስቶታል።

በሁለት ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ስም ካለ ወረቀት ላይ ይጻፉት። ከቤትዎ ፎልደር ሆነው «ዲዩ -ኤስኤች» ብለው የ«ስናፕ»ንና የ«.ቫር/አፕ»ን መጠን ቢያዩም ይጠቅማል፤ የስናፕና የፍላትፓክ ፕሮግራሞች የእርስዎን ሴቲንግና ዳታ የሚያስቀምጡት እዚያ ነው። ሁለተኛው ፎልደር በነጥብ ስለሚጀምር ፋይል ማሳያው ይደብቀዋል፤ ኮንትሮልና ኤችን አብረው ሲጫኑ ይወጣል።

ፋየርፎክስን እንደ ምሳሌ

መደራረብ ከሁሉ የሚብሰው በፋየርፎክስ ላይ ስለሆነ ጠጋ ብለን እንየው። ተርሚናል ላይ «አፕት ፖሊሲ ፋየርፎክስ» ብለው ይጻፉ። ኡቡንቱ 24.04 ላይ የሚመጣው የስሪት ቁጥር 1፡1 ብሎ ይጀምርና ወዲያው «ስናፕ» የሚል ቃል ይከተለዋል። ይህ ዴብ በውስጡ ፋየርፎክስ የለበትም። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ሲጭኑት ስናፑን ጠርቶ ያስገባል። «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፋየርፎክስ» ብለው ዴብ አገኘሁ ያለ ሰው በእጁ ያለው ስናፕ ነው። ክሮሚየምም ከ19.10 ጀምሮ እንደዚሁ ነው።

ዴቡን በእርግጥ ለሚፈልግ፣ የፋየርፎክስ ሠሪ ሞዚላ ከ2024 ጀምሮ የራሱን የአፕት ማከማቻ ከፍቷል። አጨማመሩ በሞዚላ የእርዳታ ገጽ ላይ ደረጃ በደረጃ ሰፍሯል። ሰዎች የሚዘሉት የመጨረሻውን ደረጃ ነው፤ እሱም በ«/ኢቲሲ/አፕት/ፕሪፈረንስስ.ዲ» ፎልደር ውስጥ ለሞዚላ ማከማቻ ቅድሚያ የሚሰጥ ትንሽ ፋይል መጻፍ ነው። ያ ካልተጻፈ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ምክንያቱን ከቁጥሩ ያገኙታል፦ በኡቡንቱው ስሪት መጀመሪያ ላይ ያለችው «1፡» አፕት ሁለት ስሪቶችን ሲያወዳድር ከሁሉ በፊት የሚያያት ናት። የሞዚላው ቁጥር ይህች ነገር ስለሌለችው መቶ ምናምን ቢልም አፕት የኡቡንቱውን እንደ አዲስ ይቆጥረዋል፤ በሚቀጥለው ማዘመኛም ስናፑ ተመልሶ ይገባል።

አሁን ወደ ማዛወሩ። የሚያስቀሩትን ከመረጡ በኋላ፦

1. በሚጠፋው ፋየርፎክስ ውስጥ ቡክማርኮቹን በባክአፕ ፋይል ያውጡ። ከፓስዎርድ ማስቀመጫው ደግሞ ፓስዎርዶቹን በሲኤስቪ ፋይል ያውጡ። በሞዚላ አካውንት ሲንክ የሚያደርጉ ከሆነ ይህ ደረጃ አያስፈልግዎም።

2. ሁለቱንም ፋይሎች በሚቀረው ፋየርፎክስ ውስጥ ያስገቡ፤ ከፍተውም አንድ ሁለት ገጽ ይሞክሩ።

3. የሲኤስቪውን ፋይል ወዲያው ይሰርዙ፤ ከትራሽም ያጥፉት። ፓስዎርዶችዎ ያለ ምንም መቆለፊያ የተጻፉበት ፋይል ነውና ዳውንሎድ ውስጥ ማደር የለበትም።

4. አሁን የማይፈለገውን ያራግፉ። ስናፕ ከሆነ «ሱዶ ስናፕ ሪሙቭ ፋየርፎክስ»። ስናፕ ሲራገፍ የዳታውን ቅጂ ለ31 ቀን ስለሚያስቀምጥ ሐሳብዎን ቢቀይሩ «ስናፕ ሴቭድ» ብለው ያገኙታል። ከትእዛዙ ኋላ «--ፐርጅ» ከጨመሩ ግን ቅጂም አይቀር። ፍላትፓክ ከሆነ «ፍላትፓክ አንኢንስቶል» ፕሮግራሙን ብቻ ያነሣል፤ ዳታውም እንዲጠፋ «--ዴሊት-ዳታ» ይጨመራል።

ለቪኤልሲም፣ ለቴሌግራምም፣ ለሊብረኦፊስም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ ያውጡ፣ ያስገቡ፣ ይሞክሩ፣ ከዚያ ያራግፉ። ብዙ ሰው አራተኛውን አስቀድሞ ነው የሚጎዳው።

የቱን ለየትኛው

ድራይቨር፣ ፊደል፣ የኪቦርድ መሣሪያ፣ የፕሪንተርና የስካነር ነገር፣ በተርሚናል የሚሠሩ መሣሪያዎች ሁሉ በዴብ ይግቡ። እዚህ ላይ አማራጭ መፈለግ ለራስ ችግር መጥራት ነው። ስሪቱ ቢያረጅ የማይጨንቅዎ የየዕለት ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ቪኤልሲ፣ እሱም ዴብ ይሁን።

አዲስ ስሪት የሚያስፈልግበት የሥዕል፣ የቪዲዮና የድምፅ ሥራ ላይ ፍላትፓክን እመርጣለሁ፤ ጂምፕ፣ ክሪታ፣ ኢንክስኬፕ፣ ኬዲኤንላይቭ፣ ኦቢኤስ። ሁለት ሦስቱን አብረው ከጫኑ የራንታይሙ ክብደት ይከፋፈላል። ለአንድ ትንሽ ፕሮግራም ብቻ ሲሉ ግን ፍላትፓክን ባይጀምሩት ይሻላል።

ኮድ የሚጽፉ ከሆነ ኤዲተርዎን በዴብ ይጫኑ፤ ወይም «ክላሲክ» ተብሎ አጥሩ የተነሣለትን ስናፕ ይውሰዱ። በፍላትፓክ የመጣ ኤዲተር በማሽኑ ላይ ያሉትን ኮምፓይለሮችና መሣሪያዎች በቀጥታ ስለማያይ የማያልቅ ትግል ውስጥ ይገባሉ።

አፕኢሜጅ ለመሞከሪያና ኢንተርኔት ለሌለበት ቦታ ይሁን። አንድን አዲስ ስሪት ሲስተሙን ሳይነኩ ለማየት የሚወዳደረው የለም።

ከየትኛውም ቢሆን አሳታሚውን ይመልከቱ። በስናፕ ስቶርም በፍላትሃብም ከአሳታሚው ስም ጎን ምልክት አለ፤ ማንነቱ ተረጋግጧል ማለት ነው። ይህ ጌጥ አይደለም። በሴፕቴምበር 2023 እ.ኤ.አ. የክሪፕቶ ገንዘብ ቦርሳ መስለው የተጫኑ አጭበርባሪ ስናፖች ተገኝተው ካኖኒካል አዲስ የሚመዘገቡ ስሞችን ለጊዜው በሰው እያስመረመረ ነበር የሚያስገባው። ገንዘብ፣ ባንክ ወይም ፓስዎርድ የሚነካ ፕሮግራም ያለ ምልክቱ አይጫኑ።

ዴብን ሲይዙ

«ሱዶ አፕት አፕዴት» ዝርዝሩን ያድሳል፤ «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» ፕሮግራሞቹን ያድሳል። ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል። ሁለተኛው ከመጀመሩ በፊት ስንት ሜጋባይት እንደሚያወርድ ይነግርዎታል፤ ጥቅልዎ ካልበቃ ኤን ብለው ያቁሙት።

ከኢንተርኔት በቀጥታ ያወረዱትን የዴብ ፋይል ለመጫን ወዳለበት ፎልደር ሄደው «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ካሉ በኋላ ከፋይሉ ስም ፊት ነጥብና ስላሽ (./) ያስቀድሙ። ይህች ምልክት ከሌለች አፕት ፋይሉን ትቶ በዚያ ስም ማከማቻው ውስጥ ይፈልጋል። ብዙ ቦታ የሚመከረው «ዲፒኬጂ -አይ» ፋይሉን ይጭናል እንጂ አብረው የሚያስፈልጉትን ፓኬጆች ፈልጎ አያመጣም። በእሱ ጭነው የተሰናከሉ ካሉ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» ይጠግነዋል።

ፒፒኤ የሚባሉትን የግል ማከማቻዎች በቁጠባ ይጨምሩ። አንድ ፒፒኤ አንድ ፕሮግራም ብቻ ሊያመጣ የገባ ቢመስልም የሲስተሙን ላይብረሪ በራሱ ስሪት የመተካት ዕድል አለው። ያ የኡቡንቱ እትም ሲቀየር ይቆጠቁጣል። መውጣት ሲፈልጉ «ፒፒኤ-ፐርጅ» የሚባለውን መሣሪያ በአፕት ጭነው ይጠቀሙ፤ ማከማቻውን ከማንሣት አልፎ የተተኩትን ፓኬጆች ወደ ኡቡንቱው ስሪት ይመልሳቸዋል።

አሁን ወደ መብራት። አፕግሬዱ መሐል ላይ እያለ መብራት ከጠፋና ባትሪው ከደከመ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አፕት ዲፒኬጂ እንደተቋረጠ ነግሮ አልሠራም ይላል። በዚህ የተነሣ ኡቡንቱን እንደገና የሚጭኑ ሰዎች አሉ፤ አያስፈልግም። የሚከተለውን በተራ ያድርጉ፦

«ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» ብለው ይጻፉና እስኪጨርስ ይጠብቁ። በግማሽ የቀሩትን ፓኬጆች ከቆሙበት ይቀጥላል። ቀጥሎ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል»፤ በመጨረሻ አፕዴትና አፕግሬድ። አብዛኛው እዚህ ይፈታል።

ሌላ የሚያደናግረው መልእክት ደግሞ ሌላ ፕሮግራም ቁልፉን ይዞታል የሚለው ነው። ማሽኑ ገና ሲነሣ ከመጋረጃ ጀርባ የደኅንነት ማዘመኛ እየሠራ ስለሆነ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡት። የቁልፍ ፋይሉን ሰርዝ የሚል ምክር ካገኙ አይከተሉት። ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ የፓኬጆቹ መዝገብ ላይ ከጻፉ ጉዳቱ መብራት ከመጥፋቱ ይብሳል።

ስናፕና የዳታ ጥቅል

በስልክ ዳታ የሚሠራ ሰው ስናፕን ሳይገራ መተው የለበትም። የሚከተሉት ሦስት ነገሮች ይበቃሉ።

መጀመሪያ በሴቲንግስ ውስጥ ወደ ዋይፋይ ገብተው፣ ከሆትስፖትዎ ስም ጎን ያለውን ጥርሳም ጎማ መሳይ ምልክት ተጭነው፣ ግንኙነቱ ሜተርድ (ዳታው የሚቆጠርበት) እንደሆነ ያመልክቱ። ከዚያ ተርሚናል ላይ «ሱዶ ስናፕ ሴት ሲስተም ሪፍሬሽ.ሜተርድ=ሆልድ» ይጻፉ። ከዚህ በኋላ በሆትስፖቱ ላይ እስካሉ ድረስ ስናፕ በራሱ አይታደስም፤ የቢሮ ወይም የቤት ዋይፋይ ሲያገኝ ይቀጥላል። ሁለቱ አንድ ላይ ካልተደረጉ አይሠሩም።

አስቸኳይ ሥራ ላይ ከሆኑ «ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ --ሆልድ=72ኤች» ሁሉንም ለሦስት ቀን ያቆማል። ሰዓቱን ሳይጽፉ ቢተዉት እስኪያነሡት ድረስ ይቆማል። ይህን የመጨረሻውን ለብሮውዘር አልመክርም። የብሮውዘር ማዘመኛ በአብዛኛው የደኅንነት ቀዳዳ መድፈኛ ነው፤ ያረጀ ብሮውዘር ላይ የባንክ ሒሳብ መክፈት ለሌባ በር መክፈት ነው።

ሦስተኛው መመለሻው ነው። ስናፕ ከአሁኑ ስሪት ጋር የቀድሞውን ስለሚያስቀምጥ አዲሱ ከተበላሸ «ሱዶ ስናፕ ሪቨርት» ብለው ስሙን ቢጨምሩ ወደ ትናንቱ ይመለሳሉ። ዲስክ የሚበላውም ይኸው የቀድሞ ቅጂ ነው። «ስናፕ ሊስት --ኦል» ሲሉ «ዲሴብልድ» ተብለው የሚታዩት እነሱ ናቸው።

ኢንተርኔት ወደሌለበት ማሽን ስናፕ መውሰድ ከፈለጉ «ስናፕ ዳውንሎድ» ከነስሙ ይጻፉ። ሁለት ፋይሎች ይወርዳሉ፤ አንዱ ስናፑ፣ ሌላው መጨረሻው «አሰርት» የሆነ የማረጋገጫ ፋይል። በሌላኛው ማሽን ላይ መጀመሪያ አሰርቱን በ«ሱዶ ስናፕ አክ»፣ ቀጥሎ ስናፑን በ«ሱዶ ስናፕ ኢንስቶል» ያስገባሉ። የሚቆምበት ኮር በዚያ ማሽን ላይ ከሌለ እሱንም በዚሁ መንገድ ይውሰዱ።

ፍላትፓክን ማስገባት

«ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፍላትፓክ» ይበሉ። ከዚያ በፍላትሃብ ድረ ገጽ ላይ ለኡቡንቱ ከተዘጋጀው ገጽ ማከማቻውን የምትጨምረውን አንዲት መስመር ቀድተው ተርሚናል ላይ ይለጥፉ፤ ማሽኑን አጥፍተው ያብሩ። ከዚያ በኋላ «ፍላትፓክ ኢንስቶል ፍላትሃብ» ብለው የፕሮግራሙን ስም ይጨምራሉ።

ማከማቻውን አንዴ ለሲስተሙ፣ አንዴ ደግሞ «--ዩዘር» ብለው ለራስዎ አይጨምሩ። ሁለት ቦታ ከገባ ራንታይሞቹም ሁለት ቦታ ሊወርዱ ይችላሉ፤ ጊጋባይቶች የት እንደሄዱ የሚጠፋው እንዲህ ሲሆን ነው። ያረጁ ራንታይሞችን ለማጽዳት «ፍላትፓክ አንኢንስቶል --አንዩዝድ» ይበሉ። የኤንቪዲያ ካርድ ያለው ማሽን ላይ ድራይቨሩ በታደሰ ቁጥር ፍላትፓክ ተስማሚውን ቅጂ ስለሚያወርድ ይህን ትእዛዝ አዘውትሮ መጠቀም ቦታ ያተርፋል።

በአጥር ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ፍላሽዎን አላየሁም ቢልዎ ፍላሹ አልተበላሸም። ለፍላትፓክ ፍላትሲል የሚባለውን ፕሮግራም ከፍላትሃብ ይጫኑና፣ የተቸገሩበትን ፕሮግራም መርጠው፣ በፋይል ፈቃዶቹ ውስጥ «/ሚዲያ» የሚለውን መንገድ ይጨምሩ። ለስናፕ ቪኤልሲ ደግሞ «ሱዶ ስናፕ ኮኔክት ቪኤልሲ፡ሪሙቨብል-ሚዲያ» ይሆናል፤ መሐሉ ላይ ተራውን ሁለት ነጥብ ያስገቡ። ሁሉንም ፋይል እንዲያይ መፍቀድ ይቀላል፤ እንዲያ ካደረጉ ግን አጥሩ ምን ሊጠቅም ነው? የሚያስፈልገውን ፎልደር ብቻ ይክፈቱለት።

አፕኢሜጅ ሳይከፈት ሲቀር

ፋይሉን ከዳውንሎድ አውጥተው ለእሱ በከፈቱት ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡ። በቀኝ ጠቅ አድርገው ፕሮፐርቲስ ውስጥ እንደ ፕሮግራም እንዲሠራ ይፍቀዱለት። ሁለቴ ጠቅ ሲያደርጉት ጸጥ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው አንድ ላይብረሪ ነው። 22.04 ላይ «ሊብፊውዝ2»፣ 24.04 ላይ «ሊብፊውዝ2ቲ64» ይባላል፤ በአፕት ይጫኑት። ስሙን በጥንቃቄ ይጻፉ። «ፊውዝ» ብቻ የሚባል ሌላ ፓኬጅ አለ፤ እሱን ሲጭኑ አፕት የዴስክቶፑን ክፍሎች ላንሣ ሊልዎ ይችላል። ይነሣሉ የሚለውን ዝርዝር ሳያነቡ ዋይ አይበሉ፤ ይህ ለአፕት ትእዛዝ ሁሉ ይሠራል።

24.04 ላይ ከዚህ ሁሉ በኋላም የማይከፈቱ አሉ። ኡቡንቱ በዚህ እትም ፕሮግራሞች ያለ ፈቃድ የራሳቸውን አጥር እንዳይሠሩ ገድቧል፤ ብሮውዘር በውስጣቸው ያለባቸው አፕኢሜጆች በዚህ ይሰናከላሉ። መከላከያውን አጥፋ የሚለውን ምክር ትተው የዚያኑ ፕሮግራም ዴብ ወይም ፍላትፓክ ይፈልጉ። አፕኢሜጆች ከበዙብዎ ደግሞ ጊር ሌቨር የሚባለው የፍላትሃብ ፕሮግራም ወደ ሜኑ ያስገባቸዋል፤ ማዘመኛ ያላቸውንም ያሳውቃል።

አማርኛው

ፕሮግራም ሲመርጡ በአማርኛ መጻፉን ሳይፈትሹ አይወስኑ። ፊደሎቹን በዴብ ያስገቡ፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል በአፕት «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» በሚል ስም ይገኛል። ሲስተሙ ላይ የገባን ፊደል ስናፕም ፍላትፓክም ስለሚያዩት ለየብቻ መጫን አያስፈልግም። ኪቦርዱን ከሴቲንግስ ውስጥ ከመረጡ በኋላ በእያንዳንዱ አዲስ ፕሮግራም «ሠላሳ ስምንት ኳሶች» የምታህል ሐረግ ይጻፉ። አንዳንድ አፕኢሜጅ የያዘው የራሱ ላይብረሪ የአማርኛውን አጻጻፍ ከሚያስተናግደው ከአይባስ ጋር ስለማይገናኝ አማርኛውን ያሳያል እንጂ አያስጽፍም። ያኔ ወደ ዴቡ ይመለሱ፤ ሰዓታት አይጨርሱበት።

ብዙ ማሽን ላለበት ቢሮ ወይም ትምህርት ቤት

አንድን ፋይል ሃያ ጊዜ ማውረድ ገንዘብ ማፍሰስ ነው። በአንዱ ኮምፒውተር ላይ «አፕት-ካቸር-ኤንጂ» የሚባለውን ዴብ ይጫኑ። በሌሎቹ ላይ «/ኢቲሲ/አፕት/አፕት.ኮንፍ.ዲ» ውስጥ የዚያን ማሽን አድራሻ ከፖርት 3142 ጋር እንደ ፕሮክሲ ይጻፉ። ከዚያ በኋላ አንዱ ማሽን ያወረደውን ፓኬጅ ሌሎቹ ከውስጥ ኔትወርክ ይወስዳሉ። ስናፕንና ፍላትፓክን ይህ መሣሪያ አያገለግላቸውም። ለኮምፒውተር ክፍል በተቻለ መጠን ሁሉንም በዴብ ጫኑ የምለው ስለዚህ ነው።

ኔትወርክ ከሌለ በፍላሽም ይቻላል፤ ሁለቱ ማሽኖች አንድ ዓይነት የኡቡንቱ እትም ይሁኑ እንጂ። በመጀመሪያው ማሽን ላይ በ«አፕት» ፈንታ በ«አፕት-ጌት» ይጫኑ። አፕት የወረዱትን ፋይሎች ጭኖ ሲጨርስ ይሰርዛቸዋል፤ አፕት-ጌት ግን «/ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ» ውስጥ ይተዋቸዋል። ዴቦቹን ገልብጠው በሁለተኛው ማሽን ላይ በአንድ ፎልደር ያስቀምጡና ያንን ነጥብና ስላሽ አስቀድመው ይጫኗቸው።

በወር አንዴ፣ እትም ሲቀየርም

ጥሩ ዋይፋይ ባገኙበት ቀን «አፕት አፕዴት»፣ «አፕት አፕግሬድ»፣ «አፕት አውቶሪሙቭ»፤ ቀጥሎ «ስናፕ ሪፍሬሽ»፤ ቀጥሎ «ፍላትፓክ አፕዴት» እና «አንኢንስቶል --አንዩዝድ»፤ በመጨረሻ የአፕኢሜጅ ፎልደሩን በዓይንዎ ይቃኙ። ዲስክ ከጠበበ «ሱዶ አፕት ክሊን» ይጨምሩ፤ የወረዱ ዴቦችን ብቻ ነው የሚያጠፋው።

ወደሚቀጥለው የኡቡንቱ እትም ሲሻገሩ ደግሞ ፒፒኤዎቹና የውጭ ማከማቻዎቹ በራሳቸው ይዘጋሉ። የሞዚላውን የመሰለ ማከማቻ መልሰው ካልከፈቱት ፕሮግራሙ ሳይታደስ ይቀራል፤ ማንም አይነግርዎትም። ስለዚህ ከመሻገርዎ በፊት የ«አፕት-ማርክ ሾውማንዋል»ን፣ የ«ስናፕ ሊስት»ንና የ«ፍላትፓክ ሊስት --አፕ»ን ውጤት በየፋይሉ አድርገው ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ፤ የውጭ ማከማቻዎቹንም ስም ይጨምሩበት። ከተሻገሩ በኋላ እያንዳንዱን ማከማቻ ለአዲሱ እትም የሚሆን ፓኬጅ እንዳለው አይተው አንድ በአንድ ይክፈቱ፤ የሌለውን ይተዉትና ፕሮግራሙን በፍላትፓክ ይተኩት።